ላም አለኝ በሰማይ፤ የናሽናልስ ተስፈኞችና ባዶው ወንበር

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የዋሽንግተን የቼሪ ዛፎች ገና ሳያብቡ፣ በየዓመቱ የሚደገም አንድ ነገር አለ። የከተማዋ የቤዝቦል ክለብ ናሽናልስ ወደ ፍሎሪዳ ወርዶ ልምምድ ይጀምራል። ስፖርት ጸሐፊዎች "የነገ ኮከቦች" እያሉ የተደረደረ የስም ዝርዝር ያወጣሉ። ደጋፊውም ዝርዝሩን እንደ ሎተሪ ዕጣ ከላይ እስከ ታች ይፈትሻል። እኛም እንፈትሻለን፤ ምን እንደብቃችኋለን? ፈትሸን ስናበቃም "ዘንድሮስ..." እንባባላለን። ጁላይ ሲደርስ ግን ቡድኑን ከምድቡ ግርጌ ቁጭ ብሎ እናገኘዋለን፤ ያኔ ወደ ዝርዝሩ ተመልሰን የከርሞ ልጆችን ስም መቁጠር እንጀምራለን።

አበው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አላቸው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

"እናንተን ደግሞ ከቤዝቦል ጋር ምን አገናኛችሁ?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። የሐበሻ ልጅ ኳስ ማለት በእግር የምትመታዋ ናት፤ ተስማምተናል። ነገር ግን ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ከአገር ውጭ ካሉት የሐበሻ መንደሮች ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያደገ ልጅ የአባቱን ቡና ደረጃ አንዱን እያጣጣመ የናሽናልስን ኮፍያ አናቱ ላይ ቢደፋ የሚገርም አይደለም። ከተማው የኛም ከሆነ ቡድኑም የኛ ነው፤ ሽንፈቱም ጭምር። ስለዚህ እንደ ባለቤት እንናገራለን። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ክርክራችን አጭር ነው። የአንድ ቡድን ጥልቀት የሚለካው በነገ ኮከቦቹ ብዛት አይደለም። የሚለካው ዛሬ አንድ ሰው ሲጎዳ ማን ተነሥቶ ይገባል በሚለው ጥያቄ ነው። ናሽናልስ ደግሞ ለዓመታት የመጀመሪያውን ሲሸጥልን፣ ሁለተኛውን ረስቶታል።

ጨዋታውን ለማያውቁ ትንሽ እናብራራ። ቤዝቦል የማራቶን ስፖርት ነው። አንድ ቡድን በስድስት ወር ውስጥ 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ከሞላ ጎደል በየቀኑ ማለት ነው። በዋናው ቡድን ውስጥ 26 ተጫዋቾች ይቀመጣሉ። ከኋላቸው ደግሞ እስከ 40 የሚደርስ ሰፋ ያለ ዝርዝር አለ። ከዚያ በታች አራት ደረጃ ያላቸው ታዳጊ ቡድኖች ይከተላሉ፤ በኛ አገር ክለቦች ቋንቋ "ተስፋ ቡድን" ልንላቸው እንችላለን። የናሽናልሶቹ ከታች ወደ ላይ በፍሬድሪክስበርግ፣ በዊልሚንግተን፣ በሃሪስበርግና በሮቸስተር ይገኛሉ። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ፣ ፒቸር የሚባለው፣ ክንዱ እንዲያርፍ በአምስት ወይም በስድስት ቀን አንዴ ብቻ ይወረውራል። ስለዚህ አምስት ጀማሪ ወርዋሪዎች ያስፈልጋሉ። በአምስት ብቻ ዓመቱን የሚዘልቅ ክለብ ግን የለም ማለት ይቻላል፤ ክርን ይታመማል፣ ትከሻ ይደክማል። ስድስተኛው፣ ሰባተኛው፣ ስምንተኛው ወርዋሪ ማነው? ዓመቱን የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

የተጠባባቂን ዋጋ ለሐበሻ ማስረዳት ያለብን አይመስለንም። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ታምራት ቶላ የሄደው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ እሱ ገባ፤ 2:06:26 ሮጦ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረና ወርቁን አመጣው። ጥልቀት ማለት ይህ ነው፤ አንደኛው ሲወድቅ ሁለተኛው አንደኛ ሊሆን የሚችልበት ወንበር።

ናሽናልስም ይህን አንድ ጊዜ ያውቀው ነበር። በ2018 የክለቡ ትልቁ ተስፈኛ ይባል የነበረው ቪክቶር ሮብልስ ነው። ሮብልስ በኤፕሪል ክርኑን ተጎዳ። በዋናው ቡድንም የውጭ ሜዳ ተጫዋቾች ተራ በተራ ወደቁ፤ ሜይ ላይ ሀዊ ኬንድሪክ የቁርጭምጭሚት ጅማቱ ተበጠሰ። ወንበሩ ባዶ ሲሆን ክለቡ ከሃሪስበርግ የ19 ዓመት ዶሚኒካዊ ልጅ አስጠራ። ልጁ ከዋናው ቡድን ሁለት ደረጃ ዝቅ በሚለው በዚያ ቡድን የተጫወተው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነበር። ሜይ 21 ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በቋሚነት ሲሰለፍ፣ የተወረወረለትን የመጀመሪያ ኳስ ከአጥር ውጭ አሳረፋት። ስሙ ኋን ሶቶ ይባላል። ልብ በሉ፤ ሶቶን የገለጠው በዝርዝሩ ላይ ያለው ቁጥር ሳይሆን የሌሎቹ ጉዳት ነው። ብዙ ዘር የዘራ ገበሬ የትኛው ቀድሞ እንደሚበቅል አያውቅም፤ የሚያውቀው መዝራቱን ብቻ ነው።

በ2019 ያ ቡድን ዋንጫ በላ። ታሪኩን የማያውቅ አለ ብለን አናስብም፤ ሆኖም ዋንጫው በምን እንደተሠራ መቁጠር ይጠቅማል። ሜይ ላይ 19 አሸንፎ 31 የተሸነፈ ቡድን ነበር። ጨርሶ የተሰበረ መስሎ ነበር። በመጨረሻ ግን 93 ጨዋታ አሸንፎ ወደ ጥሎ ማለፉ ገባና ሂዩስተንን በሰባት ጨዋታ ረታ። ማን ነበር እዚያ? ገና የ20 እና የ21 ዓመት ልጅ የነበረው ሶቶ፤ በ2009 በአንደኛ ምርጫ ተወስዶ በክለቡ ያደገው ስቲፈን ስትራስበርግ፤ በ2015 በ210 ሚሊዮን ዶላር ከገበያ የተገዛው ማክስ ሸርዘር። ከነሱ ጎን ደግሞ ሌሎች የጣሏቸው ነበሩ፦ ከሳን ፍራንሲስኮ ሜይ ላይ የተሰናበተው ሄራርዶ ፓራ፣ ከቴክሳስ ኦገስት ላይ የተለቀቀው አስድሩባል ካብሬራ፣ ጅማቱ ከተበጠሰ ገና አንድ ዓመት ተኩል ያልሞላው የ36 ዓመቱ ኬንድሪክ። በሰባተኛው ጨዋታ ውጤቱን የገለበጠችው ኳስ ከማን ዱላ እንደወጣች ታስታውሳላችሁ፤ ከኬንድሪክ ነው።

ስለዚህ ዋንጫው የሦስት ነገር ድምር ነበር፦ ቤት ያደገ ልጅ፣ በገንዘብ የመጣ ኮከብ፣ ሌሎች የናቁት ሽማግሌ። ሦስት ጉልቻ። አንዱን ጉልቻ አውጥታችሁ ድስቱ ይቆማል ብላችሁ ጠብቁ እስቲ።

ናሽናልስ ሁለቱን አወጣቸው። በጁላይ 2021 ሸርዘርንና ትሬ ተርነርን ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሰጥቶ ወጣቶች ተቀበለ። ስትራስበርግ ከዋንጫው በኋላ 245 ሚሊዮን ዶላር ቢፈርምም ሰውነቱ እምቢ አለው፤ ስምንት ጨዋታ ብቻ ወርውሮ በ2024 ጫማውን ሰቀለ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የወርዋሪ ክንድ እንደ መስታወት ነው። በ2022 ደግሞ ሶቶ የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም ሲል ኦገስት 2 ቀን ወደ ሳን ዲዬጎ ተላከ። በምትኩ ከመጡት መካከል ሲ ጄ ኤብራምስ፣ ማኬንዚ ጎርና ጄምስ ውድ ይገኙበታል። ያ ዓመት በ107 ሽንፈት ተጠናቀቀ።

"ታገሡ" ተባልን። ታገሥን። 2023፣ 71 አሸንፎ 91 ተሸነፈ። 2024፣ እንደገና 71 ለ91፤ ኮፒ የተደረገ ይመስል። በ2025 "አሁን ነው" ተባለ። ያ ዓመት 66 አሸንፎ 96 በመሸነፍ አለቀ፤ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ። ጁላይ 6 ቀን ከዋንጫው ጀምሮ የነበሩት ሥራ አስኪያጁ ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ።

ግን ልጆቹ መጥፎ ነበሩ? አልነበሩም። ነገሩ የሚያበሽቀውም ለዚህ ነው። ውድ በ2025 ሠላሳ አንድ ሆም ረን መታ። እርግጥ 221 ጊዜም ሳይመታ ወጥቷል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልጅ ነው፣ ይማራል። ጁን 29 ቀን ግን ተጋጣሚው ፈርቶት በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብሎ በነጻ አሳልፎታል። አራት ጊዜ! እንዲህ የሚደረገው መቺው አስፈሪ ሲሆን ብቻ አይደለም፤ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው ሲናቅም ነው። ተጋጣሚው በዚያ ቀን የነገረን ይህን ነው፦ "ኮከብ አላችሁ፤ ከኮከቡ ኋላ ግን ማንም የላችሁም።" ከዚህ የበለጠ የጥልቀት ሪፖርት ማን ይጽፋል?

ወርዋሪዎቹ ዘንድማ ጉዱ ይብሳል። ጆሳያ ግሬይ በ2024፣ ዲ ጄ ኸርዝ በ2025 ክርናቸውን በቀዶ ሕክምና አስጠግነው ተቀመጡ። ትሬቨር ዊልያምስም በ2025 አጋማሽ ተከተላቸው። ኬድ ካቫሊ በ2022 አንድ ጨዋታ ወርውሮ ተጎድቶ ወደ ዋናው ቡድን የተመለሰው ኦገስት 2025 ነው። አራት ክንድ። ከነሱ በኋላ የተሰለፈው ወንበር ምን ያህል ስስ እንደነበር ለማወቅ ሰንጠረዡን ማየት በቂ ነው፤ ናሽናልስ በዚያ ዓመት ብዙ ነጥብ ካስቆጠሩባቸው ክለቦች ተርታ ነበር። ጉዳት የዕድል ጉዳይ ነው፤ ለጉዳት አለመዘጋጀት ግን የዕድል ጉዳይ አይደለም።

ገንዘቡስ? ከ2021ዱ ሽያጭ በኋላ እስከ 2025 ድረስ ከውጭ ገበያ የመጡት ተጫዋቾች በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ያላቸው ናቸው፤ ጁላይ ላይ ጥሩ ከተጫወቱ የሚሸጡ፣ ካልተጫወቱም የሚሰናበቱ። ባለቤቶቹ የለርነር ቤተሰብ በ2022 ክለቡን ለመሸጥ እያሰቡ መሆናቸውን አስታወቁ፤ በ2024 ደግሞ አንሸጥም አሉ። በዚያ መሐል ቤቱ ይታደስ አይታደስ ሳይለይ ተከራይ እንደሚኖርበት ግቢ ሆኖ ቆየ። ከሜዳው አጥር ውጭ ግን የመኪና ማቆሚያውም የቢራውም ዋጋ አልጠበቀንም።

በ2025 መጨረሻ አዲስ አስተዳደር መጣ። ፖል ቶቦኒ ከቦስተን ሬድ ሶክስ መጥቶ የቤዝቦል ክፍሉን ተረከበ። የ33 ዓመቱ ብሌክ ቡቴራም አሰልጣኝ ሆነ፤ በዋናው ሊግ ከ1972 ወዲህ እንደሱ ወጣት ሆኖ የተሾመ አልነበረም። እኛ ወጣት ሲሾም ደስ ይለናል፤ ካላወቃችሁን እንወቃችሁ። ነገር ግን በጃንዋሪ 2026 ምን ተደረገ? ማኬንዚ ጎር ለቴክሳስ ሬንጀርስ ተሰጥቶ በምትኩ አምስት ተስፈኞች መጡ። ጎር ማለት ሶቶ ሲሸጥ በምትኩ ከመጡት አንዱ የነበረና በ2025 ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ ወርዋሪ ነው። ሶቶን ሸጠን ተስፈኛ ገዛን፤ ተስፈኛው ሲያድግ ሸጠን ሌላ ተስፈኛ ገዛን። ላሟ ሰማይ ላይ ሆና ወለደች ማለት ነው፤ ጥጃውም ሰማይ ላይ ነው። (ለታሪክ ወዳዶች፦ ይህ የቴክሳስ ክለብ ራሱ እስከ 1971 ድረስ የዋሽንግተን ክለብ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ከተማዋ ሞንትሪያል የነበረው ቡድን በ2005 ተዛውሮ እስኪመጣላት ድረስ 33 የውድድር ዘመን ያለ ቤዝቦል ኖራለች። ዋሽንግተን መጠበቅን ማንም አያስተምራትም።)

አሁን ለሌላኛው ወገን እንፍረድ። "አፍርሶ መሥራት ይሠራል" የሚሉ አሉ፤ ማስረጃም አላቸው። ናሽናልስ በ2008 እና በ2009 በየዓመቱ ከመቶ በላይ ጨዋታ ተሸንፎ ነው ስትራስበርግንና ብራይስ ሃርፐርን በአንደኛ ምርጫ ያገኘው፤ በ2012 ደግሞ 98 አሸነፈ። ሂዩስተንም ከ2011 እስከ 2013 በተከታታይ ከመቶ በላይ እየተሸነፈ ቆይቶ በ2017 ዋንጫ አንሥቷል። ቶቦኒም ከመምጣቱ በፊት የተበላሸውን በአንድ ክረምት ያስተካክል ማለት ግፍ ነው። ጎርም ውሉ ሊያልቅ ሁለት የውድድር ዘመን ብቻ ነበር የቀረው፤ አንዱን ክንድ ለአምስት ተስፋ መለወጥ ስሌቱ አይገባንም አንልም። ይገባናል።

የማይገባን ስሌቱ ማለቂያ የሌለው ሲሆን ነው። ከ2009 ሽንፈት እስከ 2012 ድል ሦስት ዓመት ነው። ከ2021 ሽያጭ ሦስት ዓመት ብንቆጥር 2024 ላይ ደርሰናል፤ ያኔ 91 ተሸነፍን። ደግሞም የ2012ቱ ቡድን በልጆች ብቻ አልቆመም፤ ክለቡ በ2010 መጨረሻ ጄሰን ወርዝን በ126 ሚሊዮን ዶላር ከገበያ አምጥቶ ነበር። ያኔ ብዙዎች "ለዚህ ከሲታ ቡድን ይህን ሁሉ ገንዘብ?" ብለው ሥቀዋል። ክለቡ ግን ለልጆቹም ለደጋፊውም "የምር ነው" የሚል መልእክት ነበር ያስተላለፈው። ያ መልእክት ነው የናፈቀን።

አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ግን ራሳችንን እንታዘባለን። "ጥልቀት"፣ "ተስፈኛ"፣ "ዝርዝር" እያልን ስናወራ ስለ ሰው ልጅ እያወራን መሆኑን እንረሳዋለን። በ2009 ናሽናልስ በ2006 በ1.4 ሚሊዮን ዶላር ያስፈረመው "የ16 ዓመት" ዶሚኒካዊ ልጅ ስሙም ዕድሜውም ሌላ እንደነበረ ታወቀ፤ ሲፈርም 20 ዓመቱ ነበር። ያኔ ሁሉም በልጁ ሣቀበት። የ20 ዓመት ድሃ ልጅ 16 ነኝ እንዲል ያደረገው ገበያ ግን አልተሣቀበትም። በ2020 ደግሞ ወረርሽኙ ጨዋታ ባስቆመ ጊዜ ክለቡ ለታዳጊ ቡድን ተጫዋቾቹ በሳምንት ይከፍል የነበረውን 400 ዶላር ወደ 300 ሊቀንስ ወሰነ። የዋናው ቡድን ተጫዋቾች፣ ሾን ዱሊትል ባሳወቀው መሠረት፣ "ልዩነቱን ከኪሳችን እንሸፍናለን" ሲሉ ክለቡ አፍሮ ውሳኔውን ቀለበሰ። ዋንጫ ካነሣ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር! በ2023 ታዳጊዎቹ የመጀመሪያ የኅብረት ስምምነታቸውን እስኪፈርሙ ድረስ ከዋናው ቡድን አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚጫወት ሰው ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ 17,500 ዶላር ነበር፤ ከስምምነቱ በኋላ 35,800 ሆነ። የቡድን ጥልቀት ከዚህ ይጀምራል፤ ስምንተኛው ወርዋሪ በልቶ ማደሩን ከማረጋገጥ።

እንግዲህ ምን እንጠይቅ? ዋንጫ አንጠይቅም፤ እብዶች አይደለንም። ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ቀን። "ልጆቹ ሲደርሱ" የሚባል ቀን በካሌንደር ላይ የለም። በ2025 በአንደኛ ምርጫ የተወሰደው ኢላይ ዊሊትስ ሲመረጥ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ድንቅ ልጅ ነው ይባላል፤ እንመርቀዋለን። ግን የሚጠበቀው እሱ ከሆነ ውድና ኤብራምስ በዚያ ጊዜ የት ይሆናሉ? ሶቶ የሄደበት መንገድ ገና አልተዘጋም፤ በዲሴምበር 2024 በ765 ሚሊዮን ዶላር ከሜትስ ጋር ሲፈርም ሁላችንም አይተናል። ተስፈኞችን እያቀያየሩ ማሳደግ ይቻላል፤ አብረው በአንድ ቡድን እንዲያድጉ ማድረግ ግን ቀጠሮ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ወርዋሪ። ይህ 300 ሚሊዮን አይጠይቅም። ሌሎች የጣሏቸውን፣ ሠላሳ አራትና ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላቸውን፣ የሚያውቁትን ለልጆቹ የሚያስተምሩ ሰዎች ማምጣት ነው። በ2019 ፓራን የመሰለ ሰው ምን ዋጋ እንዳለው ያየ ክለብ ይህን ከኛ አይማርም።

ሦስተኛ፣ በር። ሜይ 2025 ላይ ዲላን ክሩስ ሲጎዳ ዴይለን ላይል የሚባል ልጅ ከታች ተጠራ። ከላይኞቹ የዝርዝር ስሞች አልነበረም፤ 2022ን ሙሉ በክርን ጉዳት ያጣ ልጅ ነው። ሴፕቴምበር ላይ የሊጉ የወሩ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። የሶቶ ታሪክ በትንሹ ተደገመ ማለት ነው። ዝርዝር አይጫወትም፤ ሰው ነው የሚጫወተው፤ ሰው ደግሞ በር ሲከፈትለት ነው የሚታየው።

ቀጣዩ የውድድር ዘመን ሲከፈት እንሄዳለን። መሄዳችን አይቀርም፤ ደጋፊ ማለት እንደዚህ ነው። በአረንጓዴው የሜትሮ መስመር ኔቪ ያርድ ወርደን፣ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር ካለው ሜዳ ርካሹን ወንበር ይዘን እንቀመጣለን። ውድ ሲመታ እንጮኻለን። ግን ዘንድሮ ዓይናችንን የምንተክለው በኮከቡ ላይ አይደለም። ከኮከቡ ቀጥሎ ዱላ ይዞ የሚወጣው ማነው? ወርዋሪው ክርኑን ይዞ ሲወጣ ከወንበሩ የሚነሣው ማነው? የምናየው እሱን ነው። እዚያ ወንበር ላይ ሰው ካለ እንታገሣለን፤ ዘጠና ብንሸነፍም እንታገሣለን። ወንበሩ ባዶ ከሆነ ግን አዲሱን የተስፈኞች ዝርዝር አታምጡልን። የሰማዩን ላም ብዙ ዓመት አይተናታል፤ አሁን የምድሯን አሳዩን።